ይልቃል ቲነሩን የከደነበት ቀን

ይልቃል እንጨት ሲይዝ ሌላ ሰው ነው። እዚህ ካንሳንጋ ሰፈር፣ ከእኔ ምግብ ቤት ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ከሚስቱ ከቤርሳቤህ ጋር ይኖራል፤ እዚያችው ክፍል ውስጥ ኡኩሌሌ ይሠራል። አራት ክር ያላት ትንሽዬ ጊታር ናት። የአንዷን ቀለም ለመምረጥ ብቻ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ቁራጭ እንጨት ላይ ማር የመሰለውን ይቀባል፣ የተቆላ ቡና የመሰለውን ይቀባል፣ ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ያየዋል፣ ደግሞ በጥላ። "እትዬ ፍቅርአዲስ፣ የቱ ይሻላል?" ይለኛል። ሁለቱም ያው ነው ስለው ይቀየመኛል።

ቤርሳቤህ ነገር የማታበዛ ልጅ ናት። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወርዶባታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰፈሩ ሰምቶ እንኳን ደስ ያለሽ ባላት በሳምንቱ። በሦስተኛው የመከርኳት እኔ ነኝ። "ሆድሽ እስኪገፋ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ለይልቃልም ቢሆን። ወንድ ደስ ሲለው አፉ አያርፍም" አልኳት። በሰፊ ቀሚስ አራት ወር ደበቀች።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ምሳ ላደርስላቸው ገባሁ። ቤቱ ዓይን ያቃጥላል። ይልቃል ጭንብል አድርጎ የመጨረሻውን ቅብ፣ ያን የሚያብለጨልጨውን ላከር ይነፋል። ቤርሳቤህ ያለ ምንም መከለያ፣ ቀለም በሚያቀጥኑበት ቲነር በራሰ ጨርቅ የተንጠባጠበውን ትጠርጋለች።

"አንተ፣ ይኼ ነገር ሰው አይጎዳም?" አልኩት፣ እንዲያው ለወሬ ያህል።

"ለምደነዋል እትዬ። እሷማ ጭንብል ያፍነኛል ትላለች። ነፍሰ ጡር ብቻ አታስጠጉ ነው የሚሉት፣ ሽሉን ይጎዳል። ቆርቆሮው ላይም በእንግሊዝኛ ጽፈውታል።"

ክው አልኩ። ቤርሳቤህን አየኋት፤ ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። አራት ወር ሙሉ ሽታውን ስትስበው ኖራለች፣ ያውም በእኔ ምክር። ዝም ልበል ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም።

"አርግዛለች" አልኩት።

መርጫውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ቲነሩን ከደነ፤ ክዳኑ እስኪገጥምለት ሦስቴ አመለጠው። መስኮቱን ከፈተ፣ ቆርቆሮውን ሁሉ ከግቢው አስወጣ። ወዲያው ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሟ አየቻት። "ልቡ ይመታል። የቀረውን በየጊዜው እየመጣችሁ እናያለን፤ አሁን ምንም ልላችሁ አልችልም" አለችን። እንግዲህ አምስት ወር ይቀራል። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም።

ይልቃል አሁን ለትምህርት ቤት የታዘዙትን ኡኩሌሌዎች ደጅ ተቀምጦ በላከር ፋንታ በተልባ ዘይት ያሻል። ቀለማቸው ፈዟል፤ ግድም አልሰጠው።

ትናንት ጠዋት ምግብ ቤቴ መጣ።

"እትዬ፣ ግቢው ውስጥ በር የሚቀባ አለ፣ የጸጉር ኬሚካል አለ፣ ደጃፋችን ላይ ከሰል የሚያቀጣጥል አለ። በየቤቱ እየገቡ ይንገሩልኝ። ቤርሳቤህ ነፍሰ ጡር ናት፣ እንጠንቀቅላት ይበሉልኝ።"

"እኔ?"

"ዝም ያሰኟት እርስዎ አይደሉ?"

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሣሁ። የመጀመሪያው በር ጸጉር የምትሠራው የሔሊና ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት። እጇ ላይ ያለውን ማበጠሪያ ጥላ፣ ግቢው እስኪሰማ እልልታዋን አቀለጠችው። ዘልዬ አፏን በእጄ ያዝኩት፤ እንኳን ደስ ያለሽ በተባለች በሳምንቱ የሆነው ትዝ አለኝ።

ገና ስድስት በር ይቀረኝ ነበር።