የጋሼ ፊውዝ ጉልበት

አባቴን የሰፈሩ ሰው "ጋሼ ፊውዝ" ይለዋል። አርባ ዓመት በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ስለኖረ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ቶሎ ስለሚቃጠል ነው። ሻይ ቀዘቀዘ፣ ተቃጠለ። በር ተንኳኳ፣ ተቃጠለ። እናቴ በሕይወት ሳለች "የዚህን ሰውዬ ፊውዝ የሚቀይርልኝ አጣሁ" ትል ነበር።

ዝም የሚለው ሲያመው ብቻ ነው። በሥራ ጓደኞቹ ዘንድ ኮረንቲ ይዞት "ወይኔ!" ብሎ የጮኸ ሰው ሳምንቱን ሙሉ መሣቂያ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሲይዛቸው እጃቸውን ያራግፉና "መብራት መኖሩን እያየሁ ነው" ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አባዬ ጡረታ ሲወጣ ይህን ጀግንነት ይዞት ወጣ። መሰላል ሲወጣና ሲወርድ የኖረው ጉልበቱ አልቆ፣ አጥንት ካጥንት እየተፋጨ፣ እንደ አሮጌ በር እየተንቋቋ እንኳ "ምንም አልሆንኩም" ነው መልሱ።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ታላቅ ወንድሜ አንድ ቀን ሊጠይቀው ሲሄድ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘው። የገዛው ሽንኩርት ከጎኑ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጧል።

"እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ሰው እየጠበቅሁ ነው።"

ማንን? እሱም አያውቅ።

ወንድሜ እዚያው ፈረደ። "እኔ ጋ ምድር ቤት ክፍል አለ። በወሩ መጨረሻ ትገባለህ።"

አባዬ ነደደ። የራሱን ቤት እያንዳንዱን ሽቦ በገዛ እጁ ነው የዘረጋው። እናቴ ሳትነሳ መብራት እንድታጠፋ ብሎ የገጠመላት ማጥፊያ ዛሬም ትራሷ አጠገብ አለ። ጥሎት የሚሄድ ሰው አይደለም።

"በወሩ መጨረሻ አራቱንም ፎቅ በእግሬ ከወጣሁስ?"

"ከወጣህ እዚሁ ትኖራለህ።"

እንግዲህ እኔ ይዤው ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። ባለሙያዋ ቁጣ የማይበግራት ወጣት ናት። ጉልበቱ ዙሪያ አራት ተለጣፊዎች ለጠፈችና ሽቦአቸውን የኪስ ሬዲዮ የምታክል ማሽን ላይ ሰካችና በኤሌክትሪክ እንደምታክመው ነገረችው። የአባዬን ፊት ባያችሁት!

"ኤሌክትሪክ የምትሉት ይሄን ነው? በባትሪ?"

"አዎ አባባ፣ በባትሪ።"

"ልጄ፣ እኔ ሦስት መቶ ሰማንያ ቮልት የነካሁ ሰው ነኝ።"

"እንኳን እግዜር አተረፈዎት። ይሄ ያለቀ ጉልበት አይመልስም፤ ሕመሙን ነው የሚያደበዝዘው። ፋታ ሲሰጥዎት እግርዎን እናሠራበታለን። ቀስ እያልኩ እጨምራለሁ፤ መንዘር ሲጀምርዎት ይንገሩኝ፣ ሲበዛብዎት በቃ ይበሉኝ።"

ጨመረች። "ተሰማዎት?"

"ምንም።"

ጨመረች። "አሁንስ?"

"ባትሪው ሞቷል መሰለኝ።" ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። የጭኑ ሥጋ ለብቻው ይዘላል።

ሽቦው ተነቅሎ ይሆን ብላ ጎንበስ ስትል እግሩ ሳያስፈቅደው ተፈናጥሮ የዕቃ ጋሪዋን ገለበጠው። ጥጡ፣ መቀሱ፣ ቅባቱ መሬት ሞላ። ማሽኑን አጠፋችና ቀና አለች።

"አባባ፣ የዚህ ማሽን መለኪያ የእርስዎ አፍ ነው። እርስዎ ከዋሹኝ እኔ ዕውር ነኝ። አሁን ይንገሩኝ፤ ደረጃ ሲወጡ ሕመሙ ከአስር ስንት ነው?"

"ዜሮ።"

"እንግዲያው ይነሱ። ዜሮ አላክምም።"

አባዬ ዞሮ አየኝ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

"ስምንት" አለ፣ ሌብነት እንደሚናዘዝ ሰው።

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ግን ቁጥሩ ሲገባኝ ከንፈሬ ላይ ቀረ። ለካ ስምንቱን ተሸክሞ ነው ሽንኩርት ሲገዛ የከረመው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አባዬ ግን ከእኛም ደብቆት ኖሯል። ተናደድኩበት፤ አሳዘነኝም።

ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ተመላለስን። የሽቦውን ጥራት እየሰደበ ይታከማል፤ ወንበሩን እየሰደበ ቁጭ ብድግ ይላል። በወሩ መጨረሻ ወንድሜ ባዶ ካርቶን ብብቱ ስር ሸጉጦ መጣ። ማሸነፉን አልተጠራጠረም።

መውጣት ጀመርን። አንደኛ፣ ሁለተኛ፤ ደህና ነው። ሦስተኛው ፎቅ፣ ያችው ደረጃ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጥርሱን ነከሰ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ "ሰው እየጠበቅሁ ነው" ሊል ነው ብዬ ፈራሁ።

ተቀመጠ። "ስድስት" አለ።

"ምኑ ነው ስድስት?" አለ ወንድሜ።

"አመመኝ። አራት ሲሆን እንወጣለን።"

ወንድሜ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይህችን ቃል ካባቱ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ካርቶኑን እንደያዘ አጠገቡ ቁጭ አለ።

"እኔ እኮ ደረጃውን አይደለም የፈራሁት፣ አባዬ። አንድ ቀን እዚሁ ተቀምጠህ፣ ምንም አልሆንኩም እያልክ እንዳትሞትብኝ ነው።"

አባዬ ጉልበቱን አሻሸ። ከዚያ "ካርቶኑን አምጣው፣ ደረጃው ይቀዘቅዛል" አለና ከስሩ አነጠፈው።

አራት ሲሆን ተነሳን፤ ወጣን። ስለ ምድር ቤቱ ክፍል ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም።

አሁን አባዬ ጠዋት ጠዋት ለወንድሜ ይደውላል። እንደምን አደርክ የለ፣ ምን የለ። "አምስት" ይልና ይዘጋዋል። ወንድሜም ስልኩን ሳያነሳ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም።