ከቆዳው ሥር ያለው አሻራ

ልጅ ሳለሁ፣ ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ከወሎ የመጡ አንድ ሸህ ከመግሪብ ሶላት በኋላ በግቢያችን ተቀምጠው የቁርኣን ታሪኮችን ይነግሩን ነበር። ያኔ የፋኖሱ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበ፣ የከሰሉ ፍም የሸሁን እጆች ጥላ በጭቃው ግድግዳ ላይ እያገዘፈ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ዘሐራ ሰሌኑ ላይ ተጠጋግተን እንሰማ ነበር። አንድ ምሽት፣ የበሰበሰ አጥንት በእጁ ፈርፍሮ «ይህን ማን ሕያው ያደርገዋል?» ብሎ ስላፌዘ ከሓዲ ነገሩን፤ አላህ አጥንትን ብቻ ሳይሆን የጣትን ጫፍ እንኳ አስተካክሎ መመለስ እንደሚችል የሚናገረውንም አንቀጽ አያያዙለት።

«ለምን የጣት ጫፍ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ እንጃ ልጄ። ተማርና አንተ ንገረኝ» አሉ።

ተማርሁ። የሥነ ሕይወት መምህር ሆኜ ስለ ጣት አሻራ ባስተማርሁ ቁጥር ያን አንቀጽ እየጠቀስሁ፣ መልሱን አገኘሁ ብዬ ስኮራ ኖርሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት በአንዱ፣ ዘሐራ ኢቃማዋን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ልታሳድስ ሄደች። ለአርባ ዓመት የአል-ማንሺያ ሰፈር ሀብታሞችን ልብስ ያጠቡ ጣቶቿ ተፍቀው ልሙጥ ሆነው ነበርና አሻራ ማንበቢያው መሣሪያ አላነባቸው አለ።

«ሐጃ፣ ጣትሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» ብሎ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ሳቀ። የስድስት ሳምንት ጊዜ ሰጣት፤ ያኔም ካልተነበበ ልጆቿን ካርቱም ትታ ከአገር መውጣቷ ነበር።

እኔም አዋቂ ነኝና፣ የደረቀ ሳሙና ነው ብዬ በድንጋይ እንድትፈትገው አዘዝኋት። ታዝዛ ፈተገች። ጣቶቿ ደሙ።

«ወንድምዓለም፣ የአንቀጹ ትርጉም አሻራ ነው ስትል አልነበር? የኔው ከጠፋ፣ የቂያማ ለት ማን ብለው ሊያስነሡኝ ነው?»

«ዝም በይ! እንዲህ አይባልም!» ስል ጮኽሁባት።

ስረጋጋ፣ ሳስተምርበት የኖርሁትን መጽሐፍ ገለጥሁ። የአሻራው መስመር ሰው ገና በማኅፀን ሳለ ከላይኛው ቆዳ ሥር ይሠራል፤ ላዩ ቢፋቅም፣ ጥልቅ ጠባሳ ካልደረሰበት፣ እጁ ሲያርፍ ያው መስመር ተመልሶ ይወጣል። አነበብሁላት።

«እንዴት ይረፍ? ልብሱን ማን ያጥባል?»

«እኔ።»

«አንተ? ያላ፣ በል እናያለን!»

ልብሱ በጥቅል አል-ሳሃፋ ወዳለው ቤታችን ይመጣ ጀመር። የቀድሞ ተማሪዬ በደጃፋችን ሲያልፍ «ኡስታዝ፣ ጀለቢያም ይቀበላሉ?» አለኝ፤ ስገላምጠው በሩጫ ጠፋ። ዘሐራ ጣቶቿን ዘይት ቀብታ ከጥላው ሥር «ኮሌታውን! ኮሌታውን አላሸኸውም!» እያለች ታዝዘኝ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት አውራ ጣቷን መሣሪያው ላይ አሳረፈች። ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። በሦስተኛው ተቀበለ።

«መብሩክ፣ ሐጃ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለ ጸሐፊው፤ ይህን ጊዜ አልሳቀም።

መሣሪያው ለአንቀጹ ምስክር ሆነ ብዬ አልጽፍም፤ የአላህ ቃል በእኔ የክፍል ማስታወሻ የሚጸና ወይም የሚናወጥ አይደለም። ሳይንሱ አሻራው እንዴት እንደሚመለስ አስተማረኝ፤ አንቀጹ ደግሞ አንድም ሰው እንደማይረሳ። ሁለቱን አጋጥሜ ለመኩራት ስቸኩል፣ በፊቴ የኖሩትን የእህቴን እጆች ሳላይ ዘመኔን ፈጅቼ ነበር። ዛሬ ወጣቶች ስለ ሰው አካልና ስለ ቁርኣን ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ ከመመለሴ በፊት እጃቸውን አያለሁ።