በሩን ያዙልኝ

ሰመራ የሚኖር ሰው ሠርግ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣበት ሙቀቱ ነው። የሙሽራዋ ኩል ፊቷ ላይ ይወርዳል፤ ኬኩ ሳይቆረስ ይቀልጣል። ስለዚህ አንድ ቢሮ አብራኝ የምትሠራው፣ አንድ ግቢም አብራኝ የተከራየችው ጓደኛዬ "ሠርጌ ወሎ ተራራ ላይ ያለ ሎጅ ውስጥ ነው" ስትለኝ ምክንያቱ አልጠፋኝም። ባሏ የሚሆነውም የዚያው አገር ልጅ ነው። እኔ ግን ሐሳቡን አልወደድኩትም። "ሙሽራ የምትወጣው ከእናቷ ቤት ነው እንጂ ከሆቴል ክፍል ነው እንዴ?" አልኳት። የመጣብኝን ሳልናገር ማደር አይሆንልኝም።

"እናቴ ትመጣ የለ? እሷ ያለችበት ቤቴ ነው" አለችኝ።

እናቷ የሚኖሩት አዋሽ ነው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ለመንገደኛ ሻይና ዳቦ እየሸጡ ያሳደጓት አንድ ልጃቸው ናት። ከሠርጉ ሁሉ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሙሽራው ወገን ሲመጣ በር ላይ ቆመው "አናስገባም" ማለት። ለስንቱ የጎረቤት ልጅ በር ሲይዙ ኖረዋል፤ አዋሽ ውስጥ እሳቸው ያልዘፈኑበት ሠርግ ሠርግ አይባልም። "የኔዋን ማንም በቀላሉ አይወስዳትም" ይሉኝ ነበር በስልክ ባወራን ቁጥር።

እኔና ሙሽራዋ ቀደም ብለን ወጣን። ሎጁ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጉሙ ገለጥ ሲል፣ ከታች ርቆ፣ የመጣንበት ቆላ ተዘርግቶ ይታያል። ማማሩን መካድ አልችልም። ብርዱ ግን አይጣል ነው። ሰመራ አልጋ ግቢ አውጥተን በአንሶላ የምንተኛ ሰዎች፣ እዚያ ብርድ ልብስ ደራርበን ስንንቀጠቀጥ አደርን።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ስልክ ተደወለ። እናቷንና ዘመዶቿን የጫነው ሚኒባስ ገዋኔ ላይ ተበላሽቶ እዚያው አድረዋል። አሁን ተሠርቶላቸው ተነስተዋል፤ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ሙሽራው ደግሞ ወገኖቹን ይዞ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። እስኪመጡ ይጠበቅ እንዳይባል፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከወረደ ያን ጠመዝማዛ መንገድ እንግዳ ጭኖ የሚወርድ ሹፌር የለም።

ሙሽራዋ ቬሎዋን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። "በሬን የሚይዝልኝ ሰው እንኳ የለም። እንደ ዕቃ ገብተው ሊያነሱኝ ነው" አለችና ዕንባዋ መጣ። አንጀቴን በላችው።

"እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?" ብዬ ተቆጣኋት። "እናትሽ እስኪደርሱ አንድም ሰው እዚህ አይገባም!"

አፌን ሞልቼ ተናገርኩ እንጂ እኔ መዝፈን አልችልም። ብችልስ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሠርገኛ ሊያቆም ነው? ወጣሁና ከጓሮ የሎጁን አንሶላ የሚያጥቡትን ሴቶች ለመንኳቸው። ሻሽ ያሰረች ጠና ያለች ሴት ነገሩን ሳልጨርስላት እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"አብሽሪ እቴ! እናት ሳትደርስ ሙሽራ ልትወሰድ? ወላሂ አይሆንም" አለችኝ። ጓደኞቿን ጠራች፤ ከወጥ ቤትም መጡ። ከበሮ ስላልነበረ ባዶ ጀሪካን ይዘው መጡ።

ሠርገኛው ጥሩምባውን እያስጮኸ ደረሰ። እኛ የሙሽራዋን ክፍል በር ሞልተን ቆመናል። ሽርጥ ያገለደመና የሥራ ቱታ የለበሰ የሙሽሪት ወገን ያን ቀን ነው ያየሁት። ጀሪካኑ ተመታ። ሚዜዎቹ ሽቶ ረጩልን፤ አልከፈትንም። አበባ ሰጡን፤ ተቀበልን እንጂ አልከፈትንም። እስክስታ ውረዱ አልናቸው፤ ወረዱ። አላማረንም፣ ድገሙ አልናቸው። ሌላ ጊዜ ይሄ ለወጉ ያህል ነው፤ ትንሽ ተገፋፍቶ ይከፈታል። እኛ ግን የምራችንን ነበር።

የሙሽራው አጎት መጀመሪያ ላይ ይስቁ ነበር። ቆይተው ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። "ኧረ በቃ! ሠርግ ነው ወይስ ጦርነት?" አሉ።

"ጋሼ፣ የሰው ልጅ እኮ ነው የሚወስዱት! ትንሽ ቢቆሙ ምን ይሆናሉ?" አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ከኋላቸው ያሉት አሮጊቶችም ደክሟቸው ሣሩ ላይ ቁጭ ማለት ጀምረዋል። የሰው ሠርግ እያበላሸሁ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ይሄኔ ሙሽራው በግፊያው መሀል ጠጋ አለኝ። ሊቆጣኝ ነው ስል፣ ጆሮዬ ሥር "እትዬ፣ ደውዬ ነበር፤ እናቷ ባቲን አልፈዋል፣ ቀርበዋል። በሩን ያዙልኝ፤ እንዳትከፍቱ" አለኝ። ወዲያው ወደ ወገኖቹ ዞረና፣ እንቢ አሉኝ ምን ላድርግ በሚል ዓይነት እጁን ዘረጋ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያን ልጅ አልወደውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ወንድሜ ነው።

የሚያውቁት ዘፈን ሁሉ አልቆ፣ ተደግሞ፣ የሴቶቹ ድምፅ ሊዘጋ ሲል አቧራ የጠጣ ሚኒባስ ግቢው ገባ። እናትየው ወረዱ። ስስ የአዋሽ ቀሚስ ለብሰው፣ በነጠላ ተከናንበው፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ሠርገኛው መንገድ ለቀቀላቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ሻሽ ያሰረችው ሴትዮ አላወቀቻቸውምና ክንዷን ዘረጋችባቸው።

"እማማ፣ ከሙሽራው ወገን ነዎት? አይገቡም!"

"እናቷ ናቸው!" ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ ገለል አሉ፤ በሩ ተከፈተላቸው።

እሳቸው ግን አልገቡም። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ጀርባቸውን ለተከፈተው በር ሰጥተው ወደ ሠርገኛው ዞሩ። በአንድ እጃቸው የኔን፣ በሌላው የሴትዮዋን እጅ ያዙና ባላቸው ድምፅ ሁሉ "አናስገባም!" አሉ።

ከውስጥ ልጃቸው ድምፃቸውን ሰምታ ጮክ ብላ አለቀሰች። ሙሽራው ሽቶውን ከሚዜው እጅ ተቀበለ፤ ገና አሁን እንደ ደረሰ ሰው ከመጀመሪያው ጀመረ።