የወተቱ ስኳር

ቀይ ሽብሩ ጋብ ካለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጉለሌ ውስጥ በአንድ ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። ኬሚስትሪ አጥንቼ የወጣሁ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነበርኩ። የተመደብኩት ኢንዛይም የሚለካበት ክፍል ነው። ኢንዛይም የምንለው የበላነውን ሁሉ እየፈታ ወደ ሌላ ነገር የሚቀይር የሰውነታችን ሠራተኛ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ ያውቃል፣ የሌላውን አይነካም። ኬሚካል ሲገኝ የበሽተኞችን ደም እየወሰድኩ እለካለሁ፤ ሳይገኝ ሲቀር፣ ብዙውን ጊዜም አይገኝም፣ ቁጭ ብዬ የቆዩ መጻሕፍት አነባለሁ። ከእነሱ በአንዱ ውስጥ ከወላጅ ስለሚወረስ የኢንዛይም ጉድለት የሚናገር ምዕራፍ ነበረ። ደጋግሜ ስለገለጥኩት ገጾቹ ተገነጣጥለው በክር አስሬያቸው ነበር።

ብልቃጦቻችንን የምታጥበው ሴት የቀጨኔ ሰው ናት። በአሥር ዓመት ያህል ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ባሏ ሽሮ ሜዳ የሚሠራ ሸማኔ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ እሷን ተከትለው የተወለዱት ሁለት ወንዶች ግን አርባ ቀን ሳይሞላቸው፣ ክርስትና ሳይነሡ ሞተዋል። ይህን የነገረችኝ አራተኛውን አርግዛ ሰባተኛ ወሯ ውስጥ ሳለች ነው።

«ሾተላይ ነው አሉኝ» አለች፣ እጇን ከሳሙናው ውሃ ሳታወጣ። «ሲወለዱ ደህና ናቸው። ጥሩ አድርገው ይጠባሉ። ሳምንት ሲሆናቸው ያስመልሳቸዋል፣ ቢጫ ይሆናሉ፣ ሆዳቸው ይነፋል። አንዱን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀበርኩት፣ አንዱን በአሥራ ዘጠነኛው።»

«ሐኪም ቤትስ?»

«ወስጃቸዋለሁ እንጂ። መርፌ ወጓቸው። ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ጡት ያቆሙ ቀን ሻል ይላቸዋል፤ መልሰው ሲጠቡ ይብስባቸዋል።»

የያዝኩትን ብልቃጥ አስቀመጥኩት። ያ ምዕራፍ ትዝ አለኝ። የወተትን ስኳር የሚፈታው ኢንዛይም የጎደለበትን ሕፃን የእናቱ ጡት ይመርዘዋል ይላል። ጉበቱን ይጎዳዋል፣ ዓይኑ ላይ ሞራ ያመጣበታል፣ ካልተደረሰለት ይሞታል። ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ከመጽሐፍ ሌላ ምን አውቃለሁ? ለነፍሰ ጡር ሴት ወተትሽ ነው የገደላቸው ይባላል?

«ስትወልጂ ላኪብኝ» ብቻ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሆዷ በገፋ ቁጥር የእኔም ፍርሃት አብሮ ገፋ።

ወንድ ወለደች። በአራተኛው ቀን ለአጥሚት የሚሆን አጃ ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ልጁ ጡቷ ላይ ተለጥፎ ይስባል። እሷ ደስ ብሏት እኔን ታያለች፤ እኔ የልጁን ጉሮሮ አያለሁ። በሰባተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ባሏ ላቦራቶሪው በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ጀመረው» አለኝ።

በቀጨኔ ቁልቁለት እየተንደረደርን ወረድን። የልጁ ዓይን ነጩ ቢጫ ሆኗል፣ የጠባውን ሁሉ ያስመልሳል። ንጹሕ ጥጥ ከጨርቁ ሥር አድርጌ ጠበቅኩ። ሲረጥብ ጨመቅኩትና ጥቂቷን ሽንት በጠርሙስ ይዤ ተመለስኩ።

ምርመራው ቀላል ነው። ያኔ የስኳር በሽተኞች በየጤና ጣቢያው የሚታዩበት ሰማያዊ ፈሳሽ ነበረ፤ ሽንት ጠብ ተደርጎበት ሲፈላ፣ ስኳር ካለ ወደ አረንጓዴ፣ ከበዛም ወደ ብርቱካን፣ በጣም ከበዛ ወደ ጡብ ቀለም ይለወጣል። ይህ ብዙ ዓይነት ስኳር ያሳያል። ሌላው የስኳር በሽታን ስኳር ብቻ ነጥሎ የሚያሳይ ወረቀት ነው። ቱቦውን እሳት ላይ ያዝኩት። ጡብ ሆነ። ወረቀቱን ነከርኩት፤ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ስኳር አለ፣ ግን የተለመደው ስኳር አይደለም።

ቱቦውን ይዤ የክፍላችን ኃላፊ ጋ ገባሁ። ሽበታም፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ባልደረቦቻቸው ሲታሰሩ እሳቸው የተረፉት አፋቸውን ስለያዙ ነው ይባላል። ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩት።

«ኢንዛይሙን ለክተሻል?»

«የምለካበት የለኝም። እርስዎም ያውቃሉ።»

«እንግዲያው ጠርጥረሻል እንጂ አላወቅሽም። ጉበቱ የታመመ ሌላ ሕፃንም እንዲህ ሊያሳይ ይችላል። ጡት አስጥለሽው ቢሞት፣ የሠርቶ አደር ልጅ በረሃብ ገደለች ብትባዪ ማን ይቆምልሻል?»

«ካላስጣልኩትስ?»

ከመሳቢያቸው የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እዚያ ለምግብ ምርመራ የመጣ አንድ ኬሻ አኩሪ አተር እንዳለ፣ ከእሱ የሚወጣው ወተትም ያን ስኳር እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን። «ስብሰባ አለብኝ» ብለው ወጡ።

ያንኑ ቀን ከሰዓት ወላጆቹንና ልጁን ይዤ የሕፃናት ሐኪም ጋ ሄድኩ። ወጣት ሐኪም ነው። የቱቦውን ነገር ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እኔም በትምህርት ብቻ ነው የማውቀው» አለ። «የኢንፌክሽን መድኃኒቱን እሰጠዋለሁ፣ እሱን አልተውም። ጡቱን ለሦስት ቀን አቁሙና እንየው። በየቀኑ አምጡልኝ።»

ኮሪደሩ ላይ እናትየው ልጁን ወደ ደረቷ አጥብቃ ያዘችው።

«ምን እያላችሁኝ ነው? የፊተኞቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ?»

«አይደለሽም እትዬ። ያንቺ ወተት የማንኛዋም እናት ወተት ነው፤ የላምም ቢሆን ያው ነው። የወተቱን ስኳር የሚፈታው ነገር እሱ ሰውነት ውስጥ ጎድሏል። ሳይፈታ ሲጠራቀም ነው የሚመርዘው።»

«ከማን ያመጣው ነው?» አለኝ ባሏ።

«ከሁለታችሁም። እሷም ሰጥታዋለች፣ እርስዎም ሰጥተውታል። ከአንድ ወገን ብቻ ቢሆን አይታመምም ነበር።»

«ከእኔም?»

«እኩል።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ዘመድ ጎረቤቱ እሷን ነው ያማት» አለ። «እኔም ዝም ብዬ ሰምቻለሁ።»

ሚስቱ ቀና ብላ አላየችውም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገችና አለቀሰች። ስትጨርስ ልጁን ለእኔ አቀበለችኝ።

አኩሪ አተሩን ዘፍዝፌ፣ ፈጭቼ፣ አጥልዬ፣ ደጋግሜ አፈላሁት። ከቀበሌ በራሽን ያገኙትን ስኳር ጨመርንበት። በማንኪያ፣ በማንኪያ ነው የምንሰጠው። የመጀመሪያውን ቀን ግማሹን ተፋው። የእናቱን ጡት እያሸተተ ሲያለቅስ የእሷ ቀሚስ ከፊት ለፊቱ በወተት ይርሳል፤ ሲብስባት ተነሥታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። በሁለተኛው ቀን ስመዝነው ክብደቱ ቀንሷል። የኃላፊዬ ቃል በጆሮዬ ይጮህ ጀመር፦ በረሃብ ገደለች። ያን ቀን ጡት ስጪው ልላት ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ደርሼ ተመልሻለሁ። ብትጠይቀኝ እላት ነበር። አልጠየቀችኝም።

በሦስተኛው ቀን ማስመለሱን ተወ። ሽንቱን ሳፈላው ብርቱካን ላይ ቆመ፤ በማግሥቱ አረንጓዴ ሆነ፤ በስድስተኛው ቀን ሰማያዊው ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ሐኪሙ ዓይኑን ገልጦ ቢጫው መሸሹን ሲያይ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በአርባኛው ቀን ቀጨኔ መድኃኔዓለም ክርስትና ተነሣ። እኔ ግን የቄሱን ድምፅ ሳይሆን የልጁን ትንፋሽ ነበር የማዳምጠው።

በዚህ ብተወው ጥሩ ነበር። ግን ኢንዛይሙ አልተለካም። ጠርጥረሻል እንጂ አላወቅሽም መባሉ ውስጤን ይበላኝ ነበር። ከልጁ ተረከዝ ጥቂት የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቄ፣ የተወለደበትን ቀንና ክብደቱን አጠገቡ ጽፌ፣ ያን ምዕራፍ ለጻፈው የውጭ አገር ሰው በፖስታ ላክሁ።

ደብዳቤው ከአገር አልወጣም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለት ሰዎች ሥራ ቦታ መጥተው ወሰዱኝ። ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ ወረቀቶቼን ፊቱ ደርድሯቸዋል።

«የማን ደም ነው?»

«የአንድ ሕፃን ነው ጓድ።»

«ለምን ወደ ምዕራብ አገር ይላካል?»

«እዚህ የማይለካ ነገር ስላለበት።»

«ቁጥሮቹስ? ምን እያልሽ ነው የምትጽፊላቸው?»

«ክብደቱ ነው፣ በግራም። ያኛው ደግሞ የተወለደበት ቀን።»

ከዚህ ባነሰ ነገር ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ኢንዛይም ምን እንደሆነ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ባብራራሁ ቁጥር ለራሴም የሚስጥር ቋንቋ መሰለኝ። የልጁን ቤት ንገሪኝ ሲለኝ ነገርኩት። ልዋሽ፣ ልሸሽግ እችል እንደነበር አላውቅም፤ አልሞከርኩም። እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

ወደ ማታ ገደማ ኃላፊዬ መጡ። አፋቸውን የሚይዙት ሰውዬ ቆመው፣ «የላከችው በእኔ ትእዛዝ ነው» አሉ። አላዘዙኝም። ፈርመው አስወጡኝ፤ ወረቀቶቹ እዚያው ቀሩ። ጎን ለጎን መንገዱን ያዝን።

«ልጁ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው።»

«እሱ ይበቃል። ከእንግዲህ ደብዳቤ የሚባል ነገር እንዳልሰማ።»

ወደ ቀጨኔም ሰዎች ሄደው ነበር። እናትየው ልጁን አሳየቻቸው፣ የአኩሪ አተሩን ድስት ከፍታ አሳየቻቸው፣ ትንሽ ዞር ዞር ብለው ሄዱ። ለምን ቤታችንን ነገርሽ ብላ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። በልጁ የሕክምና መዝገብ ላይ እስከ መጨረሻው የተጻፈው «ጥርጣሬ» የሚል ነው።

ልጁ አፉን ለመፍታት ዘገየ። ግራ ዓይኑም ላይ ትንሽ ሞራ ቀርታበታለች፤ ቀድሜ ብናገር ኖሮ ባልቀረች ነበር እያልኩ አስባለሁ። ግን ሮጦ ተጫውቷል፣ ተማሪ ቤት ገብቷል።

እሱ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሴት ወለደች። ገና በተገላገለች በሰዓታት ውስጥ ነው ያስጠራችኝ። ልጅቷን ታቅፋ ተቀምጣለች፣ ጡቷን ግን አልሰጠቻትም።

«መጀመሪያ መርምሪልኝ» አለች።

«ወተት ካልቀመሰች ሽንቷ ላይ የሚታይ ነገር የለም እትዬ። ለማወቅ መጥባት አለባት።»

«እንዲህም ያለ ነገር አለ?»

«ጥቂት በጥቂት እንሞክራለን። በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት አየዋለሁ። ቀለሙ ከተለወጠ ያንኑ ሰዓት እናቆማለን።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም» አልኳት። የፊተኛውን ጊዜ ይህን ለማለት ድፍረት አልነበረኝም።

ጡቷን አውጥታ ለልጅቷ ሰጠቻት። ለአሥር ቀን ጠዋትና ከሰዓት ቀጨኔና ላቦራቶሪው መካከል ተመላለስኩ፤ ቱቦውን እሳት ላይ እይዛለሁ። ሰማያዊ፣ አሁንም ሰማያዊ። በአሥራ አንደኛው ቀን መመርመሩ ስላበቃ ጠርሙሱን ሳልይዝ ሄድኩ። ልጅቷ ጠብታ ተኝታለች። እናትየው ከጎኗ ጋደም እንዳለች፣ «ዛሬ አትመጪም ብዬ ፈርቼ ነበር» አለችኝ፣ ትንሽ ጠጋ ብላም ቦታ ለቀቀችልኝ።