እትዬ እሺና የበሩ ቁልፍ

ልብስ ሰፊ የሚባል ሰው ሁሉ አንድ ቃል ያውቃል፤ «ነገ»። ሱሪህን እንዲያሳጥርልህ ትሰጠዋለህ፣ መቼ ልምጣ ትለዋለህ፣ መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ «ነገ» ይልሃል። በነጋታው ትሄዳለህ፤ አሁንም «ነገ» ይልሃል። ይሄን የማያውቅ ሰው ካለ ራቁቱን የሚሄድ መሆን አለበት።

ከእኔ ሱቅ ጎን የነበረው ልብስ ሰፊ ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። እኔ ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ እሸጣለሁ። የእሱን ክፍል ከእኔ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ «ነገ» የምትለዋን ቃል ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ሬዲዮ እየሰማሁ ነው የኖርኩት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱን ግን ያወጡት ደንበኞቹ ናቸው። አቶ ነገ አሉት። የእኔም አረንጓዴ ጉርድ ቀሚስ እሱ ዘንድ ነበር። ጨርቁን የሰጠሁት ወገቤ ገና ወገብ ሳለ ነው። ክፉ ሰው ነበር እንዳልል አልነበረም። ሰው ፊቱ ቆሞ ሲከፋው ማየት አይችልም፤ «አልደረሰም» ብሎ ከሚያስከፋህ «ነገ» ብሎ ደስ ብሎህ እንድትሄድ ይመርጣል።

ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጫፍ ታጥፋለች። የእሷ በሽታ ሌላ ነበር፤ «እሺ» ትላለች። ልጄን ያዢልኝ ሲሏት እሺ፣ መጋረጃዬን ስፊልኝ ሲሏት እሺ፣ ጃንጥላዬ ተቀዷል ሲሏት እሺ። ጃንጥላ! አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ አድራሻ ተሳስቶ የተሰበረ ወንበር ይዞ ቢመጣ «እሺ፣ እዚያ ጋ ያስቀምጡት» ብላ ተቀበለችው። እንቢ ማለት ይሉኝታ ቢስ ያሰኛል ብላ ታምናለች። እሱ በነገ ጊዜውን ይበላል፣ እሷ በእሺ ሥራውን ትቆልላለች፤ ባልና ሚስቱ ተጋግዘው ያቺን ክፍል እስከ ጣሪያዋ በሰው ልብስ ሞሏት። እሷንም እትዬ እሺ አልናት።

አቶ ነገ አንድ ቀን ልቡን ያዘውና ሞተ። ሐኪሙ ቀደም ብሎ «ና ተመርመር» ብሎት ነበር፤ ምን ብሎ እንደመለሰለት ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። አለቀስን፤ እኔ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። አንዱ ለቀስተኛ እንባውን እየጠረገ ወደ ሚስቱ ጆሮ ጠጋ አለና «እግዜር ያጽናሽ። የኔ ኮት ግን እጅጌው ተገጥሞለት ነበር?» አላት። «እሺ» አለችው። ምን ትበል?

ሐዘኑ እንደወጣ የአቶ ነገ ታላቅ ወንድም መጣ። ቤቱ የእሱ ነው። ኮስታራ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ የሚለብሰው ጥቁር ኮት መሃል ላይ አንድ ቁልፍ የለውም። ቁልፍ ሻጭ ነኝና ከሰው ላይ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

«ስሚ አንቺ ልጅ» አላት፤ ግድግዳው ስስ ነው ብያለሁ፣ ሁሉንም ሰማሁ። «ወንድሜ ስለሆነ ዝም ብዬ ኖርኩ። በየመንገዱ ሰው ‹ሱሪዬ የታለ?› እያለ ሲይዘኝ ዕድሜዬ አለቀ። ከእንግዲህ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ስለ ልብሱ ደጄ መጥቶ ቢጮህ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ። ቤቱን ለሞባይል ጥገና የሚፈልግ ሰው አለኝ።»

«እሺ ጋሼ» አለችው።

ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ያቺ ክፍል ከሄደች የሚቀራት እህቷ ቤት ገብታ የእህቷን ልጆች ማሳደግ ነው። ልፋቱ አይደለም የከፋው። የራሷ በር የሌላት ሴት ትሆናለች፤ ያውም እንደ እሷ ያለች ለሁሉ እሺ ባይ። እህቷ ደግሞ ቀድማ «ነይና እኔ ጋ ኑሪ» ብላታለች፤ የተሰጣትን መልስ ታውቁታላችሁ።

ክምሩን ማፍረስ ጀመረች። ለመጀመሪያ ጊዜ መጋረጃውን ገልጣ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠች። ቆርጦ መስፋት እንደማይሆንላት ወዲያው ታየ፤ የመጀመሪያዋ ሱሪ አንዱ እግሯ ወደ ገበያ ሌላው ወደ ቤት የሚሄድ ሆነች። ነገር ግን ክምሩ ውስጥ ተሰፍተው ካለቁት ልብሶች አብዛኞቹ ለባለቤቶቻቸው አልሆን አሉ። ጊዜ ሄዷላ! ከሲታው ወፍሯል፣ ወፍራሟ ከስታለች፣ ለልጅ የታዘዘው ሸሚዝ ባለቤት ጺም አብቅሏል። እትዬ እሺ ስፌቱን ትፈታለች፣ በጣቷ ትዳስሳለች፣ ከዚህ ትቀንሳለች፣ እዚያ ትጨምራለች፣ ልብሱ ሰውየው ላይ ቁጭ ይላል። ባሏ የቆረጠው ልብስ ሰውን ቀጥ አድርጎ ያቆመው ነበር፤ እሷ ያስተካከለችው ያስቀምጠዋል፣ ያጎነብሰዋል፣ ልጁን ያሳቅፈዋል። ሰዎች ከሱቅ ገዝተው ያልሆናቸውን ሁሉ ያመጡላት ጀመር። ደስ አለኝ፤ የእኔም ክር ተሸጠ፤ ደስታዬ ግን የክር ብቻ አልነበረም።

ችግሩ ያው ነው። አንዱን ስታወጣ ለሁለት እሺ ትላለች። ሙሉ ልብስ ቁረጪልኝ፣ እሺ። የሶፋ ልብስ፣ እሺ። አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ ገባሁና ትምህርት ጀመርን።

«እኔ ደንበኛ ነኝ» አልኳት። «አንቺ ደግሞ አይሆንም ትያለሽ። እትዬ፣ ድንኳን ስፊልኝ!»

«አይሆንም» አለች። አፏ ውስጥ ትኩስ ነገር የያዘች ይመስል ነበር። ፊቴን አኮሳተርኩ። «… በጣም ከፈለግሽው ግን እሺ።»

«እቴ፣ የምን ግን ነው! ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ አልሰማሽም?»

«ፊትሽን ስታጠቁሪው ያስፈራል እኮ!»

ግድግዳውን አየሁ፣ ጣሪያውን አየሁ፣ ትምህርቱን ተውኩት። እሷ ግን አንድ ነገር አስባ ነበር። «እንቢ ማለቱ ካቃተኝ ቢያንስ ነገ አልልም» አለችኝ። «በቀኑ የማልጨርሰውን አልቀጥርም። ይሄንን ታፔላ ላይ አስጽፌ በሩ ላይ ልስቀለው፤ አፌ ቢሳሳት እንኳ ታፔላው አይሳሳትም።» እውነት ለመናገር ደስ የሚል ሐሳብ ነበር።

ታፔላ ጻፊው ዘንድ ሄዳ «እዚህ ቤት ነገ ነይ፣ ነገ ና ማለት የለም» ብለህ ጻፍልኝ አለችው። ሰውየው ፊደሉን ትልቅ አድርጎ ካልጻፈ የጻፈ አይመስለውም። ማምሻውን ተሸክሞት መጣ። «እትዬ፣ ሰሌዳው አልበቃ አለኝ፤ ዋናውን ሐሳብ አስቀርቼዋለሁ፣ ይሁን?»

«እሺ» አለችውና ሰቀለው። በቀይ ቀለም፣ እስከ መንገዱ ማዶ በሚታይ ፊደል፣ «ነገ የለም» ይላል።

ጠዋት ስመጣ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። የሰማ ላልሰማ አሰምቶ፣ ወሬውም እየሄደ ወፍሮ፣ ግማሹ ሰው «ነገ ሱቁ የለም፣ ሴትየዋ ልትጠፋ ነው» ብሎ ልብሱን ሊያስመልስ መጥቷል። አንዲት አሮጊት ግን ነገሩን ከልብስ አስበልጠው ወስደውታል። «የመጨረሻው ቀን መሆኑን ልብስ ሰፊዋ በምን አወቀች?» እያሉ ይጠይቃሉ። የወንበሩም ሰውዬ መጥቷል። ከሁሉ የከፋው፣ እሷ በሯን ሳትከፍት የመጡት ሄደው የዋርሳዋን፣ የባሏን ታላቅ ወንድም፣ ደጅ አንኳኩተዋል። አንድ ሰው ቢጮህ ነበር ያለው፤ መንደር ሙሉ ጮኸበት።

እትዬ እሺ በሩን ከፍታ ቆማለች። «ኧረ እንደሱ ማለት አይደለም» ትላለች፣ ማንም አይሰማትም። እኔም ባንኮኒዬ ላይ ወጥቼ «ማለት የለም ማለት ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ነገሩን ጭራሽ አወሳሰብኩት።

በሰዉ መሃል መንገድ ተከፈተና ታላቅየው መጣ። ኮቱን በአንድ እጁ ደረቱ ላይ ሰብስቦ፣ ሌላውን እጁን ዘርግቶ።

«ቁልፉን አምጪ!»

እኔ በልቤ አትበይ፣ አትበይ፣ አትበይ አልኩ።

«እሺ ጋሼ» አለች።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይኸው ተፈታ አልኩ። ወደ ውስጥ ገባች። ተመልሳ ስትወጣ ግን በእጇ የያዘችው መርፌና ጥቁር ክር ነው። ወደ እኔ ዞረችና «ባለ አራት ቀዳዳ፣ ጥቁር፣ መካከለኛ» አለችኝ። እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ወረወረላት። ሰውየው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ኮቱን ከእጁ አስለቅቃ፣ ጨርቁን ይዛ፣ መርፌውን ሰካችው።

«አይንቀሳቀሱ ጋሼ፣ ይወጋዎታል።»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቁልፉን አምጪ አላሉኝም?»

ከሰዉ መሃል አንድ ሰው አፈትልኮ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ነገሩ የምር ተሳስቷት ነው ወይስ አውቃ ነው? እስከ ዛሬ ስጠይቃት ክር ሆን ብላ በጥርሷ ትይዝና መልስ አትሰጥም።

«የበሩን ነው ያልኩት!» አለ ታላቅየው፣ መርፌውን እየሸሸ ሆዱን ወደ ውስጥ እንደሳበ። «የበሩን ቁልፍ!»

እሷ ክሩን አንድ ጊዜ ጠመጠመች፣ ሁለተኛ ጠመጠመች። «የበሩን አይሆንም» አለች።

ቃሉ ሲወጣ እሷም ደነገጠች። ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች፤ ጣሪያው አልወደቀም፣ ሰው አልሞተም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ልትመልሰው ብትፈልግም አይመለስም፤ ደግሞ አልፈለገችም። «አይሆንም ጋሼ» አለች እንደገና፣ ድምፁን ለመስማት ያህል። ከዚያ አንገቷን ወደ ሰዉ ዘወር አድርጋ፣ አንድ እጇ ከሰውየው ኮት ሳይላቀቅ፣ ቀጠለች። «አዲስ ልብስ አልቆርጥም፤ አልችልበትም። የሶፋ ልብስ አይሆንም። ጃንጥላ አይሆንም። የተሰፋ ልብስ አልሆን ያለው ይምጣ፣ ይሄንን እችላለሁ፤ ቀን ከነገርኳችሁ ቀኑ ቀን ነው። ነገ ነይ ማለት የለም፤ ታፔላው ማለት የፈለገው እሱን ነው። እርስዎ ደግሞ ወንበርዎን ይውሰዱልኝ፤ ሁልጊዜ እግሬን ይመታኛል።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ታላቅየው ቁልፉን ቆለፈ፣ ፈታ፣ እንደገና ቆለፈ። አይቼው የማላውቀው ፊት ነበረው።

«ይሄንን ቁልፍ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ነገ እተክልልሃለሁ ብሎኝ ነው እኮ የቀረው። ሌላ ሰው ዘንድ ላስተክለው አልፈለግኩም።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።»

ሁለቱም ትንሽ አለቀሱ፣ እኛም አብረን። ከዚያ እሱ ጉሮሮውን ጠረገና ኮስታራነቱን ፈልጎ አገኘው። «እኔ ያልኩት አንድ ሰው ደጄ መጥቶ ቢጮህ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «ይሄ አንድ ሰው አይደለም፤ ሰልፍ ነው። ሰልፍ አይቆጠርም።» ዞሮ ሄደ። ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ኮቱን ወደ ታች ሲያየው አየሁት።

ያን ቀን ክምሩ እስከ ወለሉ አለቀ። ከመሬቱ አጠገብ የእኔ አረንጓዴ ጉርድ ወጣ፤ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ አንድ ነገር ሳይጎድለው። አቶ ነገ ጨርሶት ነበር፤ እንደ ልማዱ ነገ እያለ መስጠቱን ረስቶት ነው። መጋረጃው ጀርባ ገብቼ ለካሁት። ጉልበቴን አልፎ ዳሌዬ ጋ ሲደርስ እዚያው ቆመ።

«አስፊልኝ» አልኳት።

ወገቡን ገልብጣ አየችው። «አይሆንም። የተረፈ ጨርቅ የለውም።»

«እኔን? እኔን አይሆንም? ያስተማርኩሽ እኔ!»

«አስተምረሽኝ ነው እኮ።» ስቃ ጨርቁን ዘረጋችው። «ጎኑን ከፍተን፣ ከፊት የሚታሰር ሽርጥ እናደርገዋለን። ኪስ አወጣለታለሁ፤ ቁልፍ ስትቆጥሪ መቼም ማስቀመጫ የለሽም።»

ፊቴን አጠቆርኩ፤ አልፈራችኝም። ይሄኔ ነው ትምህርቱን የምር መጨረሷን ያወቅኩት።

«እሺ፣ መቼ ልምጣ ታዲያ?» አልኳት።

መርፌውን በከንፈሯ ያዘች። «ነ…» ብላ ጀመረች። በሩ ላይ የደረሰው የወንበሩ ሰውዬ ወንበሩን መልሶ አስቀመጠ። እኔ ትንፋሼን ይዤ አፏን አፏን አየሁ።

«ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ። «አሁን ነው የምሠራልሽ።»