የአደን ክፍሉ ለቅሶ

ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ከመጋዘን ሥራ ወጥቼ የገባሁት አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ነበር። የተመደብኩት ጠመንጃና የአደን ዕቃ የሚሸጥበት አደን ክፍል ነው። በሕይወቴ ያሳደድኩት እንስሳ ቢኖር ዶሮ ነው፤ እሱንም ብዙ ጊዜ አልያዝኩትም። ማኔጀሩ ይህን ሊያውቅ አልፈለገም። ሥራውን ያስተማሩኝ ፍራንክሊንተን ሰፈር የሚኖሩ ነጭ ሽማግሌ ናቸው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ «ጋሼ» አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት። ማኔጀሩም «ጋሼ» እንዲላቸው ጠየቁት፤ እምቢ አለ።

በ2021 የፈረንጆች በጋ መደብሩ ጠመንጃና የአደን ዕቃ መሸጥ አቆመ። ጠመንጃዎቹ ተጭነው ሄዱ፣ የቀረው ዕቃ ዋጋው ተቀንሶ ክሊራንስ ወጣ፣ በቦታው የዮጋ ምንጣፍ ተደረደረ። ጋሼ ወደ ልጆች ጫማ ተዛወሩ። ጉልበታቸው ደግሞ እሺ አይልም። አንድ ቅዳሜ አንዲት ሕፃን እግር ሥር ተንበርክከው መነሳት አቃታቸው፤ እኔና የልጅቷ እናት አነሳናቸው። በማግሥቱ አልመጡም። ከዚያም ስልክ ማንሳት ተዉ። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቤታቸው ጠመንጃ ያለ ሽማግሌ ስልክ አላነሳ ሲሉ ደግ ነገር አይታሰብም። ፈራሁ።

ለሚስቴ ነገርኳት።

«ክፍላቸው ተዘግቶባቸው ሐዘን ላይ ናቸዋ፤ ሄደን ለቅሶ እንድረሳቸው» አለች።

«ኮል ሳናደርግ? እዚህ አገር ሰው ቤት ዝም ብሎ አይኬድም።»

«ለቅሶ በአፖይንትመንት ነው እንዴ የሚኬደው?»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ድፎ ዳቦ ይዘን በራቸውን አንኳኳን። ጋሼ ፂማቸው አድጎ፣ በካልሲ ወጥተው ከፈቱልን። እፎይ አልኩ። እሳቸው ነጠላዋን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የለቅሶ ነው ስላቸው «ማን ሞተ?» አሉ።

«የአደን ክፍሉ» አልኩ።

ትንሽ አሰቡበትና ከበሩ ዞር አሉልን። ሚስቴ በለቅሶ ቤት ወግ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ዝም አልኩ። ፈረንጅ ዝም ሲባል ይጨንቀዋል ይላሉ፤ ጋሼ ግን አዳኝ ናቸው፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ለምደውታል። ከቆይታ በኋላ ግድግዳው ላይ ያለ የሴት ፎቶ አሳዩን።

«ባለቤቴ ናት። አምና በኮቪድ ሞተች። ያኔ ቤት መምጣት ክልክል ነበር። ከተፈቀደም በኋላ ማንም መጥቶ አልተቀመጠም።»

ሚስቴ ለአደን ክፍሉ ያልመጣላት እንባ አሁን መጣላት። ስንወጣ ነገ እንደምንመለስ ነገረቻቸው። እኔን አላማከረችኝም።

በማግሥቱ ስንደርስ ጋሼ ተላጭተዋል። ከክሊራንሱ የገዟቸውን ተጣጣፊ የአዳኝ ወንበሮች፣ ቅጠል የሚመስል ቀለም ያላቸውን፣ ሳሎኑ ዙሪያ ዘርግተዋል። እኛ ሁለት ነን፤ ወንበሮቹ ስምንት ነበሩ።

ሚስቴ ወንበሮቹን አየችና በረንዳ ወጥታ መደወል ጀመረች።

«ለቅሶ አለ» ትላለች። «የጋሼ ባለቤት። አዎ፣ አምና። አድራሻውን ቴክስት አደርግልሻለሁ።»

ወደ ማታ ክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ ያሉ ሐበሻ ወዳጆቻችን ሁሉ መጡ። ጋሼን እጃቸውን እየያዙ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይሏቸዋል። ይሄን ትርጉሙን አልጠየቁኝም። ወንበሮቹ ስላልበቁ እኔ ቆሜ አመሸሁ።