ብርሃንነሽ እና የተበጠሰው ቺንጋ

ብርሃንነሽ ሣህሉ ጅማ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ከአባቷ የወረሰቻት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ያረጀች ስፖርት መኪና አለቻት። አቶ ሣህሉ በሕይወት ሳሉ መኪናዋን የሚነካት አንድ መካኒክ ብቻ ነበር፤ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ጋራዥ ያላቸው የልብ ጓደኛቸው ሸኩር።

የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ፣ የሞተሩን ላይኛ ክፍል ከታችኛው ጋር እኩል የሚያስኬደው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ መኪናዋ ብዙ ባትነዳም እንኳ በየአምስት ዓመቱ ይቀየር ይላል። ከተቀየረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

"ጋሽ ሸኩር፣ ይቀይሩልኝ" አለቻቸው።

ሽፋኑን ፈተው ቺንጋውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። "ልጄ፣ ይኼ ገና ነው። ስንጥቅ እንኳ የለውም።"

ከሁለት ወር በኋላ ደግማ ጠየቀች። በሦስተኛው ጊዜ መጽሐፉን ይዛ ሄደች። ሳቅ ብለው "መጽሐፉን የጻፈው ቺንጋ ሻጩ ነው" አሏት። ሌላ ጋራዥ መውሰድ ትችል ነበር። አባቷ ሲታመሙ በየቀኑ እየመጡ የጠየቋቸውን ሰው ግን እንዴት ትተዋቸው? ተናዳ ተመለሰች፤ በራሷም ጭምር።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ ጠዋት አክስቷን ልትጠይቅ ወደ ሸቤ ስትሄድ፣ ሰቃ ከተማን አልፋ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ድንገት ጠፋ። የመንደሩ ወጣቶች በኦሮምኛ "ኮቱ"፣ ና፣ እየተባባሉ ተሰበሰቡና ገፍተው ሊያስነሱላት ተዘጋጁ።

"እንዳትሞክሩት" አለች። "ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ይብስ ይጎዳል። ወደ ዳር ብቻ አውጡልኝ።"

ደውላላቸው ሸኩር በሚኒባስ መጡ። ቁልፉን እንዳይነኩት ተናግራ ሳትጨርስ ሁለት ጊዜ አዞሩት። ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀሎት በባዶው ዞረ።

"ነዳጅ ነው" አሉ። ብርሃንነሽ ጥርሷን ነክሳ መኪናዋን ወደ ጋራዡ የሚጎትት ፍለጋ ደወለች።

ማክሰኞ ጋራዥ ውስጥ የሞተሩ ራስ ተፈታ። ቺንጋው ተበጥሷል። ቫልቮቹ እንደተከፈቱ ቀርተው ፒስተኖቹ መትተዋቸዋል፤ ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አንዱ ጎብጠዋል።

"አላህ ያለው ነው" አሉ ሸኩር።

"አይደለም፣ ጋሽ ሸኩር። ሦስት ጊዜ ነግሬዎታለሁ።"

እንዲህ አድርጋ ተናግራቸው አታውቅም። መፍቻውን አስቀምጠው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ ሥራ የተማርኩባቸው መኪኖች ቺንጋቸው ቢበጠስ ይቆማሉ እንጂ ቫልቭ አይጎዱም ነበር። ሁሉም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር" አሉ። ከዚያም "ነግረሽኛል። አልሰማሁሽም" ጨመሩ።

ይህን ቃል ስትጠብቅ ከርማለች፤ ሲመጣ ግን ንዴቷ አልበረደም። ቫልቮቹ ከአዲስ አበባ ተፈልገው ሲመጡ ልካቸው ሌላ ሆነ፤ ተመለሱ። ክረምቱን በሙሉ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ቆመች፤ ብርሃንነሽም በዝናብ ባጃጅ ስትጠብቅ ከረመች።

መስከረም ላይ ትክክለኞቹ ሲገኙ ፈቃድ ወስዳ ጋራዥ ዋለች። እሷ መጽሐፉን እያነበበች፣ እሳቸው የመዘውሮቹን ምልክቶች እያገጣጠሙ አዲሱን ቺንጋ አሰሩ። ቁልፉን ከማዞራቸው በፊት፣ የሚጋጭ ነገር እንደሌለ ለማየት ሞተሩን በእጃቸው ሁለት ዙር አዞሩት። ከዚያ ተነሳ።

"አልሐምዱሊላህ። ጥሩ ነው" አሉ።

"ጥሩ አይደለም። ትንሽ ያንኳኳል።"

አጎንብሰው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠጉና ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጡ። "እውነትሽን ነው" ብለው ሞተሩን አጠፉት፤ ሽፋኑንም እንደገና መፍታት ጀመሩ።

ብርሃንነሽ ተንፍሳ ስልኳን አወጣች፤ ነገም እንደማትገባ ለክሊኒኩ ልትነግር።